እባርካቸው ዘንድ ወደዚህ አቅርብልኝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ያዕቆብ ሊሞት ነው። ዓይኑ ከሽምግልና የተነሣ ከብዷል። ዮሴፍ የአባቱን መታመም ሰምቶ ሁለቱን ወንዶች ልጆቹን ይዞ መጣ። ሽማግሌው “እነዚህ እነማን ናቸው?” አለ። ዮሴፍም “እግዚአብሔር በዚህ የሰጠኝ ልጆቼ ናቸው” ብሎ መለሰ። ያዕቆብም “እባርካቸው ዘንድ ወደዚህ አቅርብልኝ” አለው። ታሪኩ ያለው ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 48 ላይ ነው። በሰው አገር ልጅ የምታሳድጉ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ምዕራፉን ዛሬ ማታ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። የእናንተ ቤት ጉዳይ ነው።

ምናሴና ኤፍሬም የተወለዱት ግብፅ ነው። እናታቸው አስናት የግብፅ ካህን ልጅ ናት። ከነዓንን በወሬ እንጂ በዓይን አያውቋትም። ትንንሽ ሕፃናትም አልነበሩም። የተወለዱት ከረሃቡ በፊት ነው። ያዕቆብ ወደ ግብፅ ሲወርድ ረሃቡ ከገባ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ከዚያ በኋላ 17 ዓመት ኖሯል። ስለዚህ ያን ቀን አያታቸው ፊት የቀረቡት ሃያ ዓመት ገደማ የሆናቸው ጎረምሶች ናቸው። ሙሉ ዕድሜያቸውን የኖሩት በግብፅ ሹም ቤት ነው።

ያዕቆብ ግን አልፈተናቸውም። ምን ታውቃላችሁ፣ ምን ትለብሳላችሁ፣ ከማን ጋር ትውላላችሁ አላላቸውም። ሳማቸው፤ አቀፋቸው። ከዚያም አስቀድሞ ለዮሴፍ “ኤፍሬምና ምናሴ ለእኔ እንደ ሮቤልና እንደ ስምዖን ናቸው” ብሎታል። ሮቤልና ስምዖን የመጀመሪያዎቹ ልጆቹ ናቸው፤ ግብፅን ሳያዩ በአባታቸው ድንኳን ያደጉ። ስደት ላይ የተወለዱትን ከእነርሱ እኩል አደረጋቸው። የእኔ ናቸው አለ። ምርቃቱም ምክሩም ከዚያ በኋላ መጣ። ዛሬ ልናገር የፈለግሁት ይህንኑ ነው። ልጆቻችን ከእኛ ሌላ ነገር ሁሉ ከመስማታቸው በፊት “የእኔ ናችሁ” የሚለውን መስማት አለባቸው።

እኛ ጋ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ሌላ ነው። ቅዳሴ አልቆ ምእመናን አዳራሽ ገብተዋል። አንድ አባት የአሥር ዓመት ልጅ ያገኙና “አንተ ጎረምሳ፣ እንዴት ነህ?” ይሉታል። ልጁ አፍሮ በእንግሊዝኛ ይመልሳል። እሳቸውም ወደ እናቱ ዞረው “ውይ፣ ይሄ ልጅ አማርኛ አይችልም እንዴ? ፈረንጅ አደረጋችሁት!” ብለው ይስቃሉ። በዙሪያው ያለውም ሰው ይስቃል። ክፋት የለበትም፣ ጨዋታ ነው። ልጁ ግን የተባለውን አንድ በአንድ ሰምቷል። እዚህ ያደጉ ልጆች አብዛኞቹ ባይናገሩም ይሰማሉ። ያ ልጅ ከዚያ ቀን ወዲያ አማርኛ ሊሞክር አፉን አይከፍትም። በሚቀጥለው እሑድ ቅዳሴው ሲያልቅ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ ስልኩን ይነካካል። ትምህርት ቤት ስሙን በትክክል የሚጠራው የለም፤ “ከየት ነህ?” ሲባል ይውላል። እዚህም ሲመጣ ያው ሆነበት።

በዚህ ጉዳይ ነህምያን የሚጠቅሱ አሉ። እውነት ነው፣ በመጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 13 ከልጆቹ እኩሌቶቹ የአይሁድን ቋንቋ እንዳልቻሉ ተጽፏል። ነህምያም ተቆጥቷል፤ ጠጉር እስከ መንጨት ደርሷል። የማንን ጠጉር ነው የነጨው? የአባቶችን። ልጆቹን አንድም ቃል አልተናገራቸውም። ቋንቋ ትልቅ ሀብት ነው፤ ልጅ ከአያቱ ጋር የሚያወራበት፣ የቅዳሴውን ዜማ የሚረዳበት ነው። ግን ወላጅ የሚያወርሰው ነገር ነው። ያልወረሰውን ልጅ ማሳፈር ፍርደ ገምድልነት ነው።

አሁን ወደ አንድ ሸክም ልምጣ። ስለ እርሱ በጉባኤ ሲነገር ብዙም አልሰማሁም። ዮሴፍ ወንድሞቹን በግብፅ ሲያነጋግራቸው በመካከላቸው አስተርጓሚ እንደነበር ኦሪት ዘፍጥረት 42 ይነግረናል። በእኛ ቤት አስተርጓሚው ማን ነው? የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። የቤት ኪራይ ደብዳቤ ሲመጣ እርሷ ታነባለች። ባንክ ስትደውሉ ስልኩን ይዛ “እናቴ ናት፣ እኔ ልናገርላት” ትላለች። የታናሽ ወንድሟን መምህር ለወላጅ ስብሰባ የምታነጋግረውም እርሷው ናት።

ሐኪም ቤትም እንደዚያው። እናት አልጋው ጫፍ ላይ፣ ልጅ ወንበሩ ላይ፣ ሐኪሙ ኮምፒውተሩ ጋ ተቀምጠዋል። ሐኪሙ “ጡትሽ ላይ ያየነው ነገር ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልገዋል” ይላል። ልጅቱ ቃሉን ሰምታዋለች፤ ክፍል ውስጥ ተምራዋለች። እናቷን አየቻት። ከዚያ “ደህና ነው፣ ግን ሌላ ቀን ተመለሺ ብሏል” አለች። እናት “ተመስገን” ብላ ቦርሳዋን አነሳች። ልጅቱ ግን ያን ቀን ያወቀችውን ለብቻዋ ይዛ ትተኛለች። ጠዋት የሒሳብ ፈተና አለባት። ውጤቷ ሲወርድ “ስልክሽ ነው ያጠፋሽ” ትባላለች።

ወገኖቼ፣ ይህ የልጅ ሥራ አይደለም። በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። አስቸኳይ አደጋ ካልሆነ በቀር ሕፃን ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ በፌዴራል ደንብ የተከለከለ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የቋንቋ ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ቀጠሮ ስትይዙ “አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ” በሉ፤ ይበቃል። ብዙ ጊዜ በስልክ ያገናኟችኋል። “ሀበሻ ከሆነ ጉዳዬ ሰፈር ይደርሳል” ብላችሁ የምትፈሩ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አስተርጓሚው ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ስሙን ጠይቃችሁ የምታውቁት ሰው ከሆነ ሌላ ይቀየርልኝ ማለትም ትችላላችሁ። ልጃችሁ ገበያ ላይ ዋጋ ብትጠይቅላችሁ ምንም አይደለም፤ እንዲያውም ያኮራታል። የበሽታችሁንና የዕዳችሁን ወሬ ግን ከትከሻዋ ላይ አውርዱላት።

ሌላው በኋላ የመጡ ልጆች ጉዳይ ነው። አባት ወይም እናት ቀድመው ወጡ። ልጁ አያቱ ዘንድ ቀረ። ወረቀቱ እስኪያልቅ ስንት ዓመት አለፈ። በየሳምንቱ በስልክ “ናፍቀኸኛል”፣ በየበዓሉ ጫማና ልብስ። ልጁ በመጨረሻ በአሥራ ሦስት ዓመቱ ኤርፖርት ሲደርስ አበባና ፊኛ ተይዞ ይጠበቃል፤ ቪዲዮ ይቀረጻል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን እናትና ልጅ በአንድ ቤት ውስጥ እንግዳ ለእንግዳ ሆነዋል። እናትየው ሌሊት አረጋዊ ትጠብቃለች፣ ቀን ትተኛለች። ልጁ ደግሞ እናት የሚላት አያቱን ነው። ማታ ማታ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ያለቅሳል። ሲጠየቅም “ምንም” ይላል። “ምን ጎደለህ? ስንት ልጅ እዚህ ለመምጣት ይለምናል!” ይባላል።

ዮሴፍ ከአባቱ ሲለይ 17 ዓመቱ ነበር። ሲገናኙ 39 ገደማ ሆኖታል። ሃያ ሁለት ዓመት! የግብፅ ገዢ ነው፣ ምንም አልጎደለውም። ሠረገላውን አዘጋጅቶ አባቱን ሊቀበል ወጣ፤ በአንገቱም ላይ ወድቆ ረጅም ጊዜ አለቀሰ። ያዕቆብ “አሁን እኮ ተገናኘን፣ ለምን ታለቅሳለህ?” አላለውም። ያ ልቅሶ የጠፋው ዘመን ልቅሶ ነው። ልጆቻችንም የሚያለቅሱት ዘመን አላቸው። አያታቸውን፣ ጓደኞቻቸውን፣ የሰፈራቸውን ኳስ ሜዳ ጥለው መጥተዋል። እናትም የምታለቅሰው አላት፤ የልጇን የመጀመሪያ የትምህርት ቀን አላየችም። አብረው ቢያለቅሱ ምን ነበረበት? “እኔም ናፍቄህ ነበር፤ ያለፈኝም ነገር ያመኛል” ብትለው ልጁ ይሰማታል።

ኀዘኑ ካልለቀቀው፣ ምግብ ከቀነሰ፣ እንቅልፍ ካጣ፣ መኖር ሰለቸኝ ካለ ቶሎ ሐኪም ይየው። ጸሎቱን፣ ጸበሉን አትተዉ፤ ከንስሐ አባታችሁም ጋር ተመካከሩ። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይለናል። የነፍስ ጭንቀትን የሚያክም ባለሙያ ዘንድ ልጅን መውሰድ እምነት ማጣት አይደለም። “ሰው ምን ይለኛል” ብሎ መደበቅ ግን ልጅ ያሳጣል።

ወደ ያዕቆብ እንመለስ። ሲባርካቸው ዮሴፍ ታላቁን በቀኝ፣ ታናሹን በግራ እንዲሆኑ አሰናድቶ አቆማቸው። ያዕቆብ እጆቹን አስተላለፈ። አባቶቻችን ይህን የመስቀሉ ምሳሌ ነው ብለው ያስተምሩናል። ዮሴፍ ደስ አላለውም፤ “አባቴ ሆይ፣ እንዲህ አይደለም” ብሎ እጁን ሊያነሣ ሞከረ። ያዕቆብ ግን “አወቅሁ ልጄ ሆይ፣ አወቅሁ” አለው። እኛም ልጆቻችንን አሰናድተን እናቆማለን። ይሄ ዶክተር፣ ይቺ ኢንጂነር። ከዚያ “የእገሌ ልጅ ሙሉ ስኮላርሺፕ አገኘ፣ አንተስ?” ይመጣል። ይህን ሲሰማ ያደገ ልጅ ራሱን የሚያየው በውጤቱ ልክ ብቻ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች ሲጽፍ አባቶችን፣ ልባቸው እንዳይዝል ልጆቻችሁን አታበሳጩአቸው ብሏል። ምናልባት ልጃችሁ የእግዚአብሔር እጅ ያረፈበት እናንተ ባላሰባችሁት ሙያ ላይ ይሆናል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ አነጋገር አለ፦ “ለእናንተ ብለን ነው የተሰደድነው።” እውነት ነው። ፓርኪንግ ውስጥ በብርድ የቆማችሁት፣ ሌሊት ታክሲና ኡበር የነዳችሁት፣ ሁለት ሥራ የደረባችሁት ለእነርሱ ነው። ነገር ግን በየጠቡ መሐል ሲነገር ልጅ ዕዳ አድርጎ ይይዘዋል። ያዕቆብም ለዮሴፍ ታሪኩን ነግሮታል። በሎዛ እግዚአብሔር እንደተገለጠለት፣ ራሔል በመንገድ ላይ እንደሞተችበት ሳይቀር ተናግሯል። ኀዘኑን አልደበቀም። በልጅ ልጆቹ ላይ ግን ዕዳ አላደረገውም፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ የመገበኝ እግዚአብሔር እነዚህን ብላቴኖች ይባርክ አለ። በካርቱም በኩል መጥታችሁ ከሆነ፣ በዲቪ ደርሷችሁ ከሆነ፣ ዓረብ አገር ሰው ቤት ሠርታችሁ አልፋችሁ ከሆነ ንገሯቸው። የፈራችሁበትንም፣ እግዚአብሔር ያወጣችሁበትንም። ቅዳሜ ከሰዓት ቡና እየተፈላ ንገሯቸው፤ በቁጣ መሐል አይሁን።

ስለ ቤተ ክርስቲያናችንም አንድ ነገር ልበል። ለ27 ዓመታት ተለያይተው የነበሩት አባቶች ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ ሲታረቁ ስንቶቻችን አልቅሰናል! በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ግን አንድ ትውልድ አድጓል። በአንዳንድ አጥቢያዎች ልጆች ትልልቅ ሰዎች በቦርድ ምርጫ ሲጯጯሁ፣ በዘርና በፖለቲካ ሲለያዩ አይተዋል። አማርኛው ባይገባቸውም ጩኸቱ ገብቷቸዋል። ልጆቹ ለምን ራቁ ብለን ከመጠየቃችን በፊት ምን አሳየናቸው እንበል። በሚገባቸው ቋንቋ ማስተማርም ያስፈልጋል። በበዓለ ሃምሳ መንፈስ ቅዱስ ሲወርድ እያንዳንዱ በገዛ ቋንቋው ሰምቷል። ግእዙና ዜማው ይኑር፤ ልጆቹም ይቀድሱበት። ምስጢሩ ግን በእንግሊዝኛም ይተርጎምላቸው።

አገር ቤት ልጅ ውኃ አቀብሎ “እደግ፣ ተመንደግ” ሳይባል አይመለስም። እዚህ ምርቃት የቀረው ለስልክ ነው። አያት በቫይበር ከወዲያ ማዶ ትመርቃለች፣ ልጁ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ “እሺ፣ እሺ” ይላል፤ እናቱ “አሜን በል” ትለዋለች። ያ ጥሩ ነው። አባትና እናት ግን እዚሁ ቤት አሉ። ከሌሊት ሥራ ስትመጡ፣ ልጁ ለትምህርት ቤት ቦርሳውን ሲያነግት፣ እጃችሁን በራሱ ላይ ጫኑና በክርስትና ስሙ ጠርታችሁ መርቁት። አማርኛው ባይገባው ትርጉሙን ንገሩት። ያዕቆብ “እስራኤል በእናንተ እንዲህ ብሎ ይባርካል፤ እግዚአብሔር እንደ ኤፍሬምና እንደ ምናሴ ያድርግህ” ብሏል። አስቡት፣ በስደት የተወለዱት ልጆች የሕዝቡ ሁሉ መመረቂያ ሆኑ። ወደ ዕብራውያን የተጻፈው መልእክትም በምዕራፍ 11 የያዕቆብን እምነት ሲያነሣ ከዚያ ሁሉ ዘመኑ መርጦ የጻፈው ይህችን ሰዓት ነው፤ ሲሞት የዮሴፍን ልጆች እያንዳንዳቸውን ባረካቸው ይላል።

ልጃችሁ ሃያ ዓመት ሆኖት፣ ዶርም ገብቶ፣ ቅዳሴ ከተወ ቆይቶም ከሆነ ደውሉለት። የመጀመሪያው ጥያቄ “ቤተ ክርስቲያን ሄድክ?” አይሁን። ምናሴና ኤፍሬምም በዚያው ዕድሜ ነበሩ።

የክርስትና አባትና የክርስትና እናት የሆናችሁ ደግሞ፣ እዚህ አገር አጎትና አክስት ሩቅ ነው። በአርባና በሰማንያ ቀን የተቀበላችሁት ልጅ ዛሬ ስንተኛ ክፍል ነው? በዚህ ሳምንት ውሰዱት፤ አብራችሁት ምሳ ብሉ፣ እርሱ በሚቀለው ቋንቋ አውሩት፣ ስትለዩ መርቁት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር።