ቴራስ ቤት ምንድን ነው?

እንግሊዝ አገር ጎን ለጎን ተጣብቀው የተሰለፉ የጡብ ቤቶች የሌሉበት ከተማ ማግኘት ይከብዳል። ቴራስ የሚባሉት እነሱ ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ሪል ስቴቶች «ሮው ሃውስ» ወይም «ታውን ሃውስ» እያሉ የሚሸጡት የዚሁ ዘመድ ነው። ግራና ቀኝ ያለው ግድግዳ ከጎረቤት ጋር የጋራ ነው። በር ለየብቻ፣ ፊት ግን አንድ።

ብዙ ሰው የጡብ ቴራስን የወለደው የ1666ቱ (እ.ኤ.አ.) የለንደን ቃጠሎ ይመስለዋል። አይደለም። ሰሜን ለንደን፣ ኒውንግተን ግሪን የሚባል ሰፈር ከ52 እስከ 55 ቁጥር ያሉት አራት ቤቶች የተሠሩት በ1658 ነው፤ እሳቱ ከመነሳቱ 8 ዓመት በፊት። ዛሬ ቆመው ካሉት የእንግሊዝ የጡብ ቴራሶች በዕድሜ የሚቀድማቸው አይታወቅም። ያኔ አብዛኛው የለንደን ቤት ገና እንጨት ነበር።

ፊታቸውን ልብ ብላችሁ እዩት። ግንበኛው ጡቡን ትንሽ ወደ ውጭ እያወጣ በግድግዳው ላይ ጠፍጣፋ ምሰሶ አስመስሎ ሠርቷል። ምሰሶው ሥራው ጌጥ ነው። ከላይ ደግሞ ሹል ጣሪያቸው ወደ አደባባዩ ዞሯል። 54 ቁጥር ፈላስፋው ሪቻርድ ፕራይስ የኖረበት ነው።

እሳቱ ያመጣው ሕጉን ነው። በ1667 በለንደን ከተማ የውጭ ግድግዳ በጡብ ወይም በድንጋይ ብቻ እንዲሠራ ታዘዘ። ቀጥሎ ተራው የመስኮት ሆነ። በ1709 የወጣው ሕግ የእንጨቱ ፍሬም ከግድግዳው ፊት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ እንዲገባ አስገደደ፤ እሳት ከቤት ቤት እንዳይዘል። በ1774 ደግሞ ፍሬሙ አብዛኛው ከጡቡ ጀርባ እንዲደበቅ ተደረገ። ስለዚህ ለንደን ውስጥ አሮጌ ቴራስ ስታዩ መስኮቱን ተመልከቱ፤ ዕድሜውን በግምት ይነግራችኋል። ከከተማዋ ውጭ ግን ይህ ዘዴ ሊያሳስት ይችላል፤ ሕጉ እዚያ አልደረሰም።

በጡብ የተደፈነ መስኮትም ታያላችሁ። ከ1696 እስከ 1851 በመስኮት ብዛት ግብር ይከፈል ስለነበር ሁሉም «ግብር ሽሽት ነው» ይላል። አንዳንዱ እውነት ነው። አንዳንዱ ግን ከመነሻውም ደፍነው የሠሩት ነው፦ ከውስጥ ምድጃና የጭስ መውጫ አለ፣ ከውጭ ደግሞ የመስኮቱ ሰልፍ እንዳይጎድል ተፈልጓል።