ፊልተር ሲደረግ አብሮ የሚቀየር ጠቅላላ አማካይ፦ ኦል እና ኦልሰሌክትድ

ፓወር ቢአይ (የማይክሮሶፍት የዳታ ሪፖርት መስሪያ ፕሮግራም) ላይ ሪፖርት ስትሰሩ ጠቅላላ አማካዩ ፊልተር ብታደርጉም አልነቃነቅ ብሏችሁ ያውቃል? በምሳሌ እንየው። 3 ቅርንጫፍ ያለው ካፌ አለ እንበል፣ ፒያሳ 400 ደረሰኝ በአማካይ 50 ብር፣ ሜክሲኮ 100 ደረሰኝ በአማካይ 100 ብር፣ አራት ኪሎ 500 ደረሰኝ በአማካይ 80 ብር። ጠቅላላው 70,000 ብር ለ1,000 ደረሰኝ ሲካፈል 70 ብር ነው። ሶስቱን አማካይ ደምሮ ለ3 ማካፈል ግን 76.67 ያመጣል፣ ይሄ ስህተት ነው፣ የሜክሲኮን 100 ደረሰኝ ከአራት ኪሎ 500 እኩል ስለሚቆጥር፣ እባካችሁ አለቃ ፊት ይዛችሁት እንዳትቀርቡ።

አሁን ከስላይሰሩ (ሪፖርቱ ላይ ካለው መምረጫ ሳጥን) ፒያሳንና ሜክሲኮን ብቻ መረጥን። ትክክለኛው 30,000 ለ500፣ ማለትም 60 ብር ነው። ካልኩሌት (CALCULATE፣ ፊልተሩን ቀይሮ የሚያሰላው ፋንክሽን) ውስጥ ለቅርንጫፍ ኮለሙ ኦል (ALL) ከተጠቀማችሁ ግን አሁንም 70 ነው የሚላችሁ፣ ምክንያቱም ኦል የረድፉንም (እያንዳንዱ ረድፍ የራሱን ቅርንጫፍ ብቻ እንዲያሰላ የሚያደርገውን) የስላይሰሩንም ፊልተር ጠራርጎ ነው የሚያነሳው። ኦልሰሌክትድ (ALLSELECTED) ደግሞ የረድፉን ብቻ አንስቶ እናንተ የመረጣችሁትን ያከብራል፣ ስለዚህ ፒያሳም ሜክሲኮም ረድፍ ላይ 60 ይቀመጥና ማን ከአማካዩ በላይ ማን በታች እንደሆነ ወዲያው ይታያችኋል፣ እኔ በጣም የምወደው ይሄን ነው።

ኦል መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፣ ምንም ቢመረጥ የማይቀየር ማነፃፀሪያ ስትፈልጉ እሱ ነው ትክክለኛው። ብቻ ኮለሙን ትታችሁ ሙሉ የሽያጭ ቴብሉን ካስገባችሁበት በቀን ያደረጋችሁት ፊልተርም አብሮ ይነሳል፣ እዚህ ጋ ተጠንቀቁ።