የአትክልት መካነ መቃብር ምንድን ነው? ዘጌን ለቀቅ አድርጉልኝ

ሰሞኑን ደግሞ አንድ ተናጋሪ «የጣና ገዳማት ፈረንጆቹ ከማሰባቸው በፊት የኖሩ የአትክልት መካነ መቃብሮች ናቸው» አለና ጭብጨባው ቀለጠ። አባባሉ አዲስ አይደለም፤ ባሕር ዳር ላይ በጀልባ እንግዳ የሚያሳፍር ሁሉ እየተቀባበለው ነው። ሰውየው አገሩን ማድነቁ እንጂ ክፋት የለውም። እኔ ግን የደን ሰው ነኝ፤ ዛፍና መቃብር አጠገብ ለአጠገብ ባየ ቁጥር ይህንኑ ስም የሚለጥፍ ሰው ያበሳጨኛል።

ዛፍ ጥላ ሥር መቀበር ብቻውን መካነ መቃብሩን የአትክልት አያደርገውም። ቁም ነገሩ ንድፉ ላይ ነው። ቦታው ገና ሲታሰብ ለሟቹ ብቻ ሳይሆን ሊንሸራሸር ለሚመጣው እንግዳም ጭምር ታስቦ የተሠራ መሆን አለበት።

ነገሩ የተጀመረው ከጭንቅ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የፓሪስ አብያተ ክርስቲያናት ግቢዎች በአስከሬን ሞልተው ነበር። ትልቁ መቃብር በ1780 ተዘጋ፤ ከ1786 ጀምሮ አፅሙ በሌሊት እየተጫነ ወደ ከርሰ ምድር ዋሻዎች ተጋዘ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1804 ፔር ላሼዝ የተባለው አዲስ መካነ መቃብር ከከተማው ወጣ ባለ ኮረብታ ላይ ሲከፈት ሰው ራቀብኝ ብሎ ሸሸው። አስተዳዳሪዎቹ ታዲያ የስመ ጥሮቹን ደራስያን የሞሊዬርንና የላ ፎንቴንን፣ በ1817 ደግሞ በፍቅራቸው የታወቁትን የአቤላርንና የኤሎይዝን አፅም አምጥተው አሳረፉበት። ያን ጊዜ ገበያው ደራ። በ1831 በአሜሪካ ቦስተን አጠገብ የተከፈተው ማውንት ኦበርን መካነ መቃብር የአትክልተኞች ማኅበር እጅ ያለበት ነው፤ መንገዶቹ በዛፍና በአበባ ስም ይጠራሉ። በ1838 የተቋቋመው የብሩክሊኑ ግሪንዉድም ሰው በሠረገላ ሽርሽር የሚሄድበት ቦታ ሆነ። የአሜሪካ ከተሞች በዚያን ጊዜ የረባ የሕዝብ መናፈሻ አልነበራቸውም። የመልክዓ ምድር ነዳፊው ዳውኒንግ «ሕዝቡ ለመናፈስ ወደ መቃብር የሚጎርፍ ከሆነ መናፈሻ ቢሠራለት ምን ያህል ይወደው ይሆን?» የሚል ክርክር ያነሣው ይህን አይቶ ነው። የኒውዮርኩ ሴንትራል ፓርክ የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው፤ መቃብሩ መናፈሻውን ቀድሞታል ማለት ነው።

ስለዚህ «መቃብር ላይ ሽርሽር ነውር ነው» የሚለው ሌላው ወገንም ፔር ላሼዝን በተመለከተ ተሳስቷል። እዚያ ካርታ ይዞ መዞር፣ አግዳሚው ላይ ማረፍ፣ የሐውልት ጽሑፍ ማንበብ ቦታው የተሠራበት ዓላማ ነው። ዛሬም ቀብር ስለሚፈጸምበት ሐዘንተኛ ላይ ካሜራ አለመደገን ግን ያው የትም የሚሠራ ጨዋነት ነው።

በቤት ብንመስለው የአትክልት መካነ መቃብር ሳሎን ነው። ፎቶግራፉ ከፍ ብሎ የተሰቀለው እንግዳ እንዲያየው ነው፤ ዝም ብሎ ቢያልፈው ባለቤቱ ቅር ይለዋል። አግዳሚው ወደ ኩሬው መዞሩ፣ መንገዱ ሐውልቱ ድንገት ብቅ በሚልበት ቦታ መታጠፉ፣ ይህ ሁሉ የሳሎን አደረጃጀት ነው። ዐጸደ ቤተ ክርስቲያን ግን ጓዳ ነው። ጓዳ ከሳሎን ሊያምር ይችላል፤ ያማረው ግን ለእንግዳ ተብሎ አይደለም፤ እንስራው ከጥግ የተቀመጠው ሥራ ስላለው ነው። ባለቤቷ ጠርታ ብታስገባ እንኳ ክዳን እየከፈቱ መዞር አይገባም። ከሣጥን የምታወጣውም ካለ ራሷ ናት የምታወጣው። የጣናው የደሴት ገዳም ዳጋ እስጢፋኖስ ማለት ይሄው ነው። የይኩኖ አምላክ፣ የዳዊት፣ የዘርአ ያዕቆብ፣ የዘድንግልና የፋሲለደስ አስከሬን የሚገኘው ከጥድ ሥር ሳይሆን ዕቃ ቤት ውስጥ ነው፤ ከፍቶ የሚያሳየውም መነኩሴው ነው። የጣና ስመ ጥር ሙታን አትክልት ውስጥ ካልሆኑ «የአትክልት መካነ መቃብር» ከየት መጣ?

ዛፎቹም የተጠበቁት ለሟቹ ማስዋቢያ አይደለም። በዐጸዱ ውስጥ ወይራው፣ ጥዱ፣ ዋንዛውና ዝግባው የሚከበሩት ታቦቱ ስላለ ነው። በጣና ዳርቻ ባለው በዘጌ ልሳነ ምድር ላይ እንዲያውም በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ማረስ ክልክል ነው ተብሎ ስለሚታመን ሕዝቡ በቡና ኖሯል። እዚህ ላይ ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር፦ ዘጌን «ያልተነካ ደን» የሚሉትም ተሳስተዋል። ከላይ ትልልቅ ዛፍ ቢታይም ከሥር ያለው ለቡና ሲባል በሰው እጅ የተመነጠረ ነው። ሁሉም ዐጸድ ጥንታዊ ደን ነው ማለትም አይቻልም፤ ለገቢ ተብሎ ባሕር ዛፍ የገባበት ብዙ አለ።

በእኛ ዘንድ መቃብርና ዛፍ የሚስማሙ አይደሉም፤ ይሻማሉ። በከተማ ዐጸዶች ውስጥ የሲሚንቶና የእምነበረድ መቃብር ሲበዛ ሥር ይቆረጣል፣ ዘር የሚወድቅበት አፈር ይደፈናል፣ ችግኝ አይተካም። ሽማግሌው ዛፍ እስኪወድቅ ድረስ ግቢው ለምለም ስለሚመስል ጉዳቱን ቶሎ የሚያይ የለም። ይህን ግቢ «አትክልት» ብሎ ማሞገስ ለእኔ ሙያ አደገኛ ነው፤ አትክልት ነው ከተባለ ማሳመር ይመጣል፣ ማሳመር ከመጣ ደግሞ የሥር ቁጥቋጦው ይመነጠራል። ቁጥቋጦው ውስጥ ያለው የነገው ዛፍ ነው።

ተናጋሪው ከዘጌ ፎቶግራፍ ጎን አረግ የወረረውን የለንደኑን የሃይጌት መካነ መቃብር አስቀምጦ «አንድ አይደሉምን?» አለ። በ1839 ሲከፈት ሃይጌት እንዲህ ጫካ አልነበረም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ባለቤት ኩባንያው ከስሮ እንክብካቤው ሲቀር ነው ማንም ያልተከለው ዛፍ በመቃብሮቹ መካከል የበቀለው፤ ሊታደጉት የተነሡት ወዳጆቹም ማኅበር ያቋቋሙት በ1975 ነው። ሰውየው የአትክልት ንድፍ ማስረጃ ብሎ ያሳየን ንድፉ የጠፋበትን ክፍል ነው።

ተግባራዊው ጣጣ ግን እንግዳው ላይ ነው የሚወድቀው። «የአትክልት መካነ መቃብር» ተብሎ የመጣ ሰው እንደ ፓሪስ በየትኛውም መንገድ ገብቶ መውጣት የሚችል ይመስለዋል። ዳጋና ክብራን ገብርኤል ሴት እንደማይገባ የሚያውቀው ጀልባው ከቆመ በኋላ ከሆነ የተሳሳተው አስጎብኚው ነው። ወደ ሳሎኑ የሚጠጋ ነገር አገር ውስጥ የሚፈልግ አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ይሂድ፤ የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበረችውን የእንግሊዛዊቷን የሲልቪያ ፓንክኸርስትን መቃብር ለማየት የሚመጣ እንግዳ እዚያ ብርቅ አይደለም። እሱም ቢሆን መጀመሪያ ካቴድራል ነው፤ ለሽርሽር ታስቦ የተነደፈ አይደለምና በእኔ መስፈርት አያልፍም።