የዱር አሳማና የተራራ በግ አደን፦ ስለ ካሊበር የሚወራውና እውነታው

ሁለት አዳኞች ካሊበር (የጥይት ውፍረት) ካነሱ ማን ያስቆማቸዋል? አንዱ «ለአሳማ ትልቁን ካልያዝክ ቤትህ ተቀመጥ» ይላል። ሌላው «ለተራራ በግ ማግነም ነው እንጂ!» ብሎ ይቀጥላል፤ ብዙ ባሩድ የሚይዘውን ኃይለኛ ጥይት ማለቱ ነው። ከዚህ ውስጥ ግማሹ ባዶ ወሬ ነው። እስቲ በብዛት የሚሰሙትን እንያቸው።

«ትልቅ ጥይት አውሬውን ገፍትሮ ይጥለዋል።» ይሄ ከፊልም የመጣ ነው። ሒሳቡን ሥሩት። የ.308 ዊንቸስተር (እንዲህ ያለ ቁጥር የጥይት ዓይነት ስም ነው) እርሳስ፣ ማለትም ከጥይቱ ተለይቶ የሚበረው ጫፍ፣ 10 ግራም ገደማ ይመዝናል። ከአፈሙዙ የሚወጣው በሰከንድ 800 ሜትር አካባቢ እየበረረ ነው። ይህ ግፊት በሙሉ 80 ኪሎ አሳማ ላይ ቢያርፍ፣ አሳማውን የሚገፋው በሰከንድ 10 ሴንቲ ሜትር ፍጥነት ብቻ ነው። ገፍትሮ የሚጥል ቢሆን ኖሮ ተኳሹም አብሮ በወደቀ ነበር፤ ትከሻው ላይ የሚያርፈው ርግጫ ከዚያ አያንስምና። አውሬ የሚወድቀው ልቡና ሳንባው ተቀዶ ደሙ ሲፈስ፣ ወይም አንጎሉ ወይም አከርካሪው ሲመታ ነው። ልቡን የተመታ እንኳ ትንሽ ሮጦ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ «ሳትኩት» ብሎ ከመሄድ በፊት፣ የቆመበት ቦታ ድረስ ሄዶ ደም መፈለግ የአዳኝ ግዴታ ነው።

«አሳማ ትከሻው ላይ ጋሻ አለው፤ መካከለኛ ጥይት አይበሳውም።» ጋሻው እንኳ እውነት ነው። የጎለመሰ ወንድ አሳማ ትከሻው ላይ ወፍራምና ጠንካራ ቆዳ አለው። ወንዶቹ ለሴት ሲዋጉ በክራንቻ እንዳይዘነጣጠሉ የሚያድናቸው እሱ ነው። ግን ጥርስ ነው የሚመክተው፤ የጠመንጃ ጥይት አያቆምም። .243ም፣ .270ም፣ .308ም ያልፉታል። ጉዳዩ ያለው እርሳሱ ላይ ነው። ለትናንሽ አውሬ የተሠራ ስስ እርሳስ ቆዳና አጥንት ሲያገኝ ይበታተናል፣ ቁስሉም ላይ ላዩን ይቀራል። ሙሉ በሙሉ በብረት የተሸፈነው የወታደር ጥይት ደግሞ በተቃራኒው ነው። ሳይከፈት እንደ ወስፌ በስቶ ይወጣና አሳማው ቆስሎ ጫካ ይገባል። የሚፈለገው ሲመታ አፉ የሚከፈት፣ ግን የማይበታተን ጠንካራ እርሳስ ነው። ሙሉ መዳብ የሆነው አንዱ ነው።

ከካሊበሩ በላይ ብዙ አሳማ የሚያስመልጠው የሚነጣጠርበት ቦታ ነው። የአሳማ ልብና ሳንባ ሰው ከሚገምተው ዝቅ ብሎ፣ ወደ ፊት ገባ ብሎ ነው ያለው። ከፊት እግሩ ኋላ ራቅ አድርጎ የሚተኩስ ሰው የሚያገኘው ጨጓራ ነው። በጎኑ ሲቆም የፊት እግሩን ይዞ ወደ ላይ መውጣት ነው፤ ከደረቱ ቁመት አንድ ሦስተኛው ላይ ሲደረስ መቆም።

«.223 ይበቃል፤ ጆሮው ሥር ካገኘኸው አለቀለት።» ካገኘኸው፣ አዎ። የአሳማ አንጎል ግን ትንሽ ነው፣ ጭንቅላቱም አያርፍም። የጀርመን ሕግ ለዱር አሳማ ቢያንስ 6.5 ሚሊ ሜትር ካሊበርና በ100 ሜትር ርቀት 2000 ጁል ጉልበት ይጠይቃል። የተለመደው .223 አፈሙዙ ላይ እንኳ እዚያ አይደርስም። ሕጉ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ፣ ጠመንጃ ከመምረጥ በፊት የሚታደንበትን አገር ደንብ ማየት ነው።

«ለተራራ በግ ማግነም ግድ ነው።» የተራራ በግ እንደ አሳማ ጠንካራ አውሬ አይደለም፣ ቆዳውም ስስ ነው። ትልቅ የቢግሆርን (የሰሜን አሜሪካ ተራራ በግ) አውራ ከ130 ኪሎ ሊያልፍ ቢችልም፣ ሳንባው ከተመታ ሩቅ አይሄድም። የበግ ፈተናው ርቀቱ፣ ነፋሱና ዳገቱ ነው። .308፣ .30-06 እና .300 ዊንቸስተር ማግነም የሚተኩሱት እርሳስ ውፍረቱ አንድ ነው፤ 7.8 ሚሊ ሜትር። ማግነሙ ብዙ ባሩድ ስለሚይዝ ይፈጥናል፣ ርግጫውም ከ.308 በግማሽ ያህል ይብሳል። በዚያ ላይ ለተራራ የሚያዝ ጠመንጃ ቀላል ነው፤ ቀላል ጠመንጃ ደግሞ ይበልጥ ይራገጣል። ርግጫ የፈራ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ቃታ ይስባል። እንዲህ ከሆነ ማግነሙ ምን ሊጠቅመው? ከ1925 ጀምሮ ያለው .270 ዊንቸስተር ለበግ ስም ያተረፈው በቀጥታ በራሪነቱና በሚቻል ርግጫው ነው። በ2007 የመጣው 6.5 ክሪድሙር ደግሞ እርሳሱ ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ነፋስ ብዙም አይገፋውም።

ዳገቱን ብዙ ሰው ይረሳዋል። በጉ በ30 ዲግሪ ተዳፋት 400 ሜትር ርቆ ከቆመ፣ የሚነጣጠረው 345 ሜትር አካባቢ እንዳለ ተደርጎ ነው። የስበት ኃይል የሚሠራው በአግድሙ ርቀት ነውና። ወደ ላይም ወደ ታችም ቢተኮስ ያው ነው። ለ400 ያነጣጠረ በበጉ ጀርባ ላይ ያሳልፋል።

«ከባድ ጥይት ቁጥቋጦ ሰንጥቆ ያልፋል።» አያልፍም። .45-70ም ቢሆን ቅርንጫፍ ከነካ አቅጣጫውን ይስታል። ክፍት ቦታ እስኪገኝ መጠበቅ ነው።

«ለአሳማ አንድ፣ ለበግ ሌላ ጠመንጃ።» ገንዘብ የተረፈው ይግዛ። ለሌላው .270፣ 6.5 ክሪድሙር ወይም .308 ሁለቱንም ይሠራል። የሚቀየረው እርሳሱ ነው፤ ለአሳማ ጠንከር ያለ፣ ለበግ ሩቅ የሚበር። ግን ጥይት ሲቀየር የሚያርፍበት ቦታም ይቀየራል። የጠመንጃው ማነጣጠሪያ መነጽር እንደገና ዒላማ ላይ ተተኩሶ ሳይስተካከል ተራራ መውጣት የለም።