ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፦ የሟች ትዝታ በቤተሰብ ወግ

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ አባባ እኮ ቁጡ ነበር።» አማርኛ በሚነገርበት ቤት ስለ ሞተ ዘመድ የሚወራው ጥሩ ጥሩ ወግ ብዙ ጊዜ እንዲህ ብሎ ይጀምራል። ሙትን መውቀስ ነውር ነው። ሐረጉ ነውሩን ቀድሞ ያምንና ወሬውን ይለቀዋል፤ ቁጣው ይነገራል፣ ተቆጥቶ ሲያበቃ በድብቅ የሰጠው ብር ይነገራል፣ ከዚያ መሳቅ ይመጣል። ስሙ በተነሣ ቁጥር በክርስቲያኑ ቤት «ነፍሱን ይማረው»፣ በሙስሊሙ ቤት «አላህ ይርሐመው» ይከተለዋል። እንግዳ ሰው የሚወራለት ሰው በሕይወት እንደሌለ የሚያውቀው በዚህች ቃል ነው።

በቀብር ዕለት ስለ ሟቹ የሚነገረው ግን ሌላ ዓይነት ነው። አንዱ ሙሾ ነው። አልቃሿ ሟቹን በቅርብ የማታውቀው ከሆነ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ምን ይሠራ እንደነበር፣ ስንት ልጅ እንደተወ፣ በምን እንደታመመ ከቤተሰቡ ትጠይቅና በግጥም ታወርደዋለች። በገጠር የተከበረ ሰው ሲሞት ፈረሱ እንደተጫነ ልቅሶው ላይ ይቀርብ፣ ጠመንጃውና ልብሱ ይታይ ነበር። ባለፈረስ ከሆነ በፈረስ ስሙ ይጠራል፤ አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ እንደሚባሉት ማለት ነው። ዛሬ በከተማ የፈረሱን ቦታ በፍሬም የገባ ፎቶግራፍ ይዞታል፤ ወጣት ከሞተ ደግሞ ፎቶው በካኔቴራ ላይ ታትሞ ጓደኞቹ ለብሰውት ይወጣሉ።

ሌላው በቤተ ክርስቲያን ግቢ የሚነበበው አጭር የሕይወት ታሪክ ነው። አነጋገሩን ሁሉም ያውቀዋል፦ ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት በዚህ ዓመተ ምሕረት ተወለዱ፣ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገቡ፣ በቅንነትና በታማኝነት አገለገሉ፣ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የሟቹ የሥራ መደብ እዚያ ውስጥ አለ፤ ሽሮ ያለ ቃሪያ ከቀረበለት የሚያኮርፈው ሰውዬ ግን የለም። ለእኔ ይህ ጽሑፍ ለሬሳው ልብስ ነው፤ ደንብ ነው፣ ያስፈልጋል፣ ግን ማንም ሰው በዚያ ልብስ ኖሮ አያውቅም።

ሰውዬው የሚመጣው ማታ ነው፣ ድንኳን ውስጥ። የእድሩ አግዳሚ ተደርድሮ፣ ንፍሮው ዞሮ፣ ለቅሶ ደራሹ ቀለል ሲል፣ ለማደር የቀሩት ወንዶች ኮንከር መጫወት ይጀምራሉ። የመጀመሪያው ሌሊት ዝም ያለ ነው። በሁለተኛው አንዱ ካርታ እየጣለ «እሱ ቢኖር ይቺን አያሳልፋትም ነበር» ይላል። ሌላው ሟቹ በካርታ ሲያታልል የተያዘበትን ቀን ያነሣል። ሳቁ ቤት ውስጥ ፍራሽ ላይ ወደተቀመጡት ሴቶች ይደርሳል። ለማያውቅ ድፍረት ይመስላል፤ እናቶቹ ግን አይቆጡም፣ እንዲያውም አንዷ ከውስጥ ሆና «አይ፣ እንደሱ አይደለም የሆነው» ብላ ታሪኩን ታርማለች። ቤተሰቡ ለዓመታት የሚደጋግመው ወግ ብዙውን ጊዜ እዚህ ቅርጽ ይይዛል፤ አንዱ ያወራል፣ ሌላው ያርማል፣ ሦስተኛው ይጨምርበታል።

እኛ ቤት አያታችን ማታ የግቢውን በር ቆልፎ ቁልፉን ሦስት ጊዜ ይጎትት ነበር። ሁለቱ ለራሱ፣ ሦስተኛው «ለሰይጣን» ነው ይላል። ዛሬ በሩን የሚዘጋ ማንም ይሁን ሦስት ጊዜ ይጎትታል። የአክስቴ ትንሿ ልጅ አያታችን ከሞተ ከስድስት ዓመት በኋላ ነው የተወለደችው፤ እሷም ትጎትታለች፣ ሦስተኛው ላይም ድምፅዋን አወፍራ «ለሰይጣን» ትላለች፤ እንዴት እንደሚለው ሰምታ አታውቅም።

ወጉ የሚደገምበትን ቀን የሚያዘጋጀው የሃይማኖቱ ሥርዓት ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትውፊት ሟች በሣልስት፣ በሰባት፣ በዐሥራ ሁለት፣ በሠላሳ፣ በአርባ፣ በሰማንያ፣ በመንፈቅ፣ በሙት ዓመትና በሰባት ዓመት ይታሰባል። ከሁሉም የሚገነው አርባው ነው። ተዝካር የሚለው ቃል ከግእዙ «ዘከረ»፣ ማለትም አሰበ፣ የመጣ ነው። ካህናቱ ፍትሐት ያደርሳሉ፣ ድኻ ይበላል፣ ዘመድ ከየአገሩ ይሰበሰባል። ወጪው ግን ስንቱን ቤት ዕዳ ውስጥ እንደከተተ የማያውቅ የለም። ወራሽ የማያምን ወይም ልጅ የሌለው ደግሞ የቁም ተዝካሩን ያወጣል፤ በሕይወት ሳለ ይደግስና የራሱን መታሰቢያ አብሮ ይበላል። በሙስሊሙ ዘንድ ዱዓ ይደረጋል፣ ለሟቹ ሰደቃ ይወጣል። በሁለቱም ቤት ጸሎቱ ሲያበቃ ቡና ይቀርባል፤ ሽማግሌዎቹም ዘር መቁጠር ይጀምራሉ። እስከ ሰባት ቤት መቁጠር በአማራው ክርስቲያን ዘንድ ለጋብቻ የግድ ስለሆነ፣ አያት ቅድመ አያት የሚነሡት ለናፍቆት ብቻ አይደለም።

ለቅሶ የተከለከለበት ጊዜም ነበር። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ልጆቻቸው የተገደሉባቸው ወላጆች ድንኳን መጣል ይቅርና ጥቁር መልበስ አይፈቀድላቸውም ነበር፤ ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቁም አሉ። በነዚያ ቤቶች ወጉ ለዓመታት በሹክሹክታ ኖረ፤ ፎቶው ከሣጥን ሥር፣ ስሙ በልጆች ፊት ሳይነሣ። በ2002 ዓ.ም. አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ሲከፈት ግድግዳውን የሞሉት የሟቾቹ ፎቶግራፎች ናቸው። ብዙዎቹ ጉርድ ፎቶዎች ናቸው፤ ለመታወቂያ የተነሡ፣ ፀጉራቸውን አፍሮ ያደረጉ ልጆች።

መቃብር የሌለው ሟች ሌላ ዓይነት ተራኪ ይፈልጋል። በ1970ዎቹ በሱዳን አድርገው ወደ እስራኤል ከተነሡት ቤተ እስራኤላውያን ወደ 4,000 የሚጠጉት በመንገድና በመጠለያ ሰፈሮች ሞተዋል። ኢየሩሳሌም ውስጥ ሄርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ ተሠርቶላቸዋል፤ በየዓመቱም በኢየሩሳሌም ቀን ይታሰባሉ። የተቀበሩበትን ጉድጓድ ተመልሶ የሚያገኘው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ታሪኩ ራሱ የቦታ ምልክት ይዞ ይነገራል፦ ከወንዙ ማዶ፣ ሌሊት፣ ከዛፉ ሥር፣ ወንድሟን አዝላ ሳለ።

በስደት ያለው ሰው ደግሞ ዋናው ችግሩ መርዶው ነው። ዋሽንግተን ወይም ቤይሩት ላለ ልጅ እናቱ መሞቷ በስልክ አይነገርም፤ መጀመሪያ «ትንሽ አሟታል» ይባላል፣ ከዚያ ጓደኞቹ ማልደው በሩን ያንኳኳሉ። ቀብሩን በስልክ ስክሪን ያያል። ድንኳኑን ግን አያገኘውም፤ ያንን የሁለተኛ ሌሊት ሳቅ ማንም በቪዲዮ አይቀርጽለትም። የሚቀረው በቴሌግራም የላከችለት የድምፅ መልእክት ነው፣ «በልተሃል ወይ» የሚል፤ ስልክ በቀየረ ቁጥር እንዳይጠፋበት እየፈራ ያሻግረዋል።

ስምም የራሱን ይሠራል። አበሻ የሚጠራው በአባቱ ስም ስለሆነ አያት ሦስተኛ፣ ቅድመ አያት ደግሞ ከመታወቂያው ውጭ ነው። አሜሪካ የተወለዱት ልጆች ግን የአያታቸው ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይጸናባቸዋል፤ መኪና አይቶ የማያውቅ የጎጃም ገበሬ ስም በልጅ ልጁ ልጅ መንጃ ፈቃድ ላይ ይታተማል። ከሞት በኋላ ለሚወለድ ልጅ የሚወጡትም ስሞች ወግ ተሸክመው የሚዞሩ ናቸው፦ ካሳ፣ ምትኩ፣ ተካ፣ ማስረሻ። የመጨረሻው ይገርመኛል። የሞተውን እንዲያስረሳ ታስቦ የወጣ ስም ነው። የማውቀው አንድ ማስረሻ፣ የስሙን ነገር ያነሣበት ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ ያገኛል፦ «ከእኔ በፊት ወንድም ነበረኝ፤ በአራት ዓመቱ ሞተ፤ ዝናብ ሲመጣ ወደ ውጭ ነበር አሉ የሚሮጠው።»