ኢኩሜኒዝም ምንድን ነው? ልዩነትን ሳይሸፍኑ ስለ መነጋገር

ኢኩሜኒዝም በአገራችን ክርስቲያኖች ዘንድ በጥርጣሬ የሚታይ ቃል ነው። ኦርቶዶክሱ ሲሰማው «ሃይማኖታችንን ቀላቅለው ሊያስጥሉን ነው» ይላል። ከወንጌላውያኑም ብዙዎች «ለሰላም ሲባል እውነትን መሸጥ» አድርገው ያዩታል። ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ ዝቅ ብዬ እመለስበታለሁ። ነገሩ ራሱ ግን ሌላ ነው። በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም የተጠመቁ፣ በክርስቶስ አምላክነት የሚያምኑ፣ ነገር ግን በተለያየ ቤተ ክርስቲያን የሚኖሩ ሰዎች ለምን እንደተለያዩ ቁጭ ብለው የሚመረምሩበት ጥረት ነው። የተስማሙበትንና ያልተስማሙበትን ለይተው ይጽፋሉ፤ በሚችሉት ነገርም አብረው ይሠራሉ።

ከሙስሊም ወገኖቻችን ጋር ስለ ሰላምና ስለ አብሮ መኖር የሚደረገው ውይይት ኢኩሜኒዝም አይባልም፤ ያ የሃይማኖቶች ምክክር ነው፤ በአገራችንም የራሱ ጉባኤ አለው። ኢኩሜኒዝም በክርስቲያኖች መካከል ያለ ጉዳይ ነው።

ዘመናዊው እንቅስቃሴ መነሻው ብዙውን ጊዜ በ1910 በስኮትላንድ ኤዲንብራ ከተካሄደው የሚስዮናውያን ጉባኤ ይቆጠራል (ካልተጠቀሰ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1948 የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት አምስተርዳም ላይ ሲመሠረት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች። ይህን የማያውቅ ምእመን ብዙ ነው። ጉዳዩ በቅርቡ ከውጭ የመጣብን ሳይሆን አባቶቻችን ገና ከጅምሩ ወንበር ይዘው የተነጋገሩበት ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የምክር ቤቱ አባል አይደለችም፤ ሆኖም ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ወዲህ፣ በተለይ ስለ ክርስቲያኖች አንድነት የወጣው የ1964ቱ ድንጋጌ ከጸደቀ በኋላ፣ በውይይቱ ሙሉ ተሳታፊ ሆናለች።

አሁን ወደ ፍርሃቱ። በእኛ ታሪክ «አንድ እንሁን» የሚለው ቃል ደም ያፈሰሰበት ጊዜ አለ። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክነትን በይፋ ተቀበሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከፖርቱጋል የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ የኢትዮጵያን ክርስትና ከሥሩ ሊያርም ተነሣ። የተጠመቀው ሕዝብ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና እንዲሾሙ፣ የቀን አቆጣጠሩ እንዲለወጥ፣ ቅዳሜን ማክበር እንዲቀር ታዘዘ። ላስታ አመፀ፤ በ1632 ንጉሡ በጦርነት ቢያሸንፉም የወደቀውን የገዛ ሕዝባቸውን ብዛት አይተው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። «ሃይማኖት ይመለስ፣ ፋሲል ይንገሥ» የሚለው እስከ ዛሬ በሕዝብ አፍ አለ። እንዲህ ያለ ትዝታ ያለው ሕዝብ «አንድነት» ሲባል ጆሮውን ቢያቆም አይፈረድበትም። ሜንዴዝ ያደረገው ግን የኢኩሜኒዝም ተቃራኒ ነው፤ የሌላውን ክርስትና ሳይጠይቁ ፈርዶ መሻር ነበርና።

ከዚያ በፊት የሆነው ነገር ይበልጥ ሊነገር ይገባዋል። ዐፄ ገላውዴዎስ ኢየሱሳውያን (ጀስዊቶች) «እናንተ እንደ አይሁድ ናችሁ» እያሉ ሲከሷቸው በ1555 በግእዝ የሃይማኖት መግለጫ ጻፉ። መልሳቸው በጣም ግልጽ ነው። ቅዳሜን የምናከብረው እንደ አይሁድ አይደለም፤ እነርሱ በዚያ ቀን እሳት አያነዱም፣ ውኃ አይቀዱም፤ እኛ ግን ቁርባን እናቀርብበታለን፣ ማዕድ እናደርግበታለን። መገረዛችንም ሕግ ነው ብለን ሳይሆን፣ በኢትዮጵያና በኖባ ፊት እንደሚበጣው፣ በህንድም ጆሮ እንደሚበሳው የአገር ልማድ ስለሆነ ነው። የአሳማ ሥጋ የሚበላውን አንጸየፍም፤ የማይበላውንም ብላ ብለን አናስገድድም። ንጉሡ በቁጣ አልመለሱም፤ እምነታቸውንም አንዲት ቃል አላላሉም። «እኛን ከእኛ ስሙ» ነው ያሉት። የኢኩሜኒዝም ትልቁ ደንብ ይኸው ይመስለኛል፤ የሌላውን እምነት ስትናገር ባለቤቱ ሰምቶ «አዎ፣ የማምነው ይህንን ነው» እስኪልህ ድረስ መናገር። መፍረድ ካለ ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ ደንብ ሳይጠበቅ ሲቀር ምን እንደሚሆን የኬልቄዶን ነገር ያሳያል። በ451 በኬልቄዶን ጉባኤ ክርስቲያኑ ዓለም በክርስቶስ ባሕርይ ጉዳይ ተከፈለ። ሮምና ቁስጥንጥንያ «በሁለት ባሕርይ» አሉ፤ የእስክንድርያው ዲዮስቆሮስና ከእርሱ ጋር የቆሙት ግን የቅዱስ ቄርሎስን ትምህርት ይዘው «ሥጋ የሆነው የእግዚአብሔር ቃል አንድ ባሕርይ» አሉ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት ያህል እኛን፣ ግብጾችን፣ ሶርያውያንን፣ አርመኖችን «የአውጣኪ ተከታዮች» ሲሉን ኖሩ፤ የክርስቶስ ሰውነት በመለኮቱ ተውጦ ጠፋ ብለን የምናምን መስሏቸው። እኛ ደግሞ አውጣኪን እናወግዛለን! ተዋሕዶ ማለት ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለወጥ፣ ያለ መለየት ነው ብለን እናስተምራለን። በእኛም በኩል ኬልቄዶንን የተቀበለውን ሁሉ «ንስጥሮሳዊ» (ክርስቶስን ለሁለት የሚከፍል) ማለት ተለምዶ ቆየ፤ እነርሱም በበኩላቸው ንስጥሮስን አውግዘዋል።

ኬልቄዶንን የተቀበሉት ኦርቶዶክሶች (እንደ ግሪክና ሩሲያ ያሉት) እና እንደ እኛ ያልተቀበሉት ፊት ለፊት መነጋገር የጀመሩት በ1964 በዴንማርኳ ኦርሁስ ነው። ቀጥሎ በብሪስቶል፣ በጄኔቫ፣ በመጨረሻም በጥር 1971 በራሳችን በአዲስ አበባ ተሰበሰቡ። የአዲስ አበባው ስብሰባ ያነሣው ከሁሉ የከበደውን ነገር ነበር፤ እርስ በርስ የተጣለው ውግዘት እንዴት ይነሣ? አንዱ ቅዱስ ሌላው መናፍቅ የሚለውንስ ሰው ምን እናድርግ? (ዲዮስቆሮስ በእኛ ሰማዕት፣ የሮሙ ፓፓ ልዮን በእነርሱ ቅዱስ ናቸው።) በ1990 በስዊዘርላንድ ሻምቤዚ ይፋዊው የጋራ ኮሚሽን ሁለቱም የኦርቶዶክስ ቤተሰቦች ያንኑ የሐዋርያት እምነት ጠብቀው መቆየታቸውን፣ ልዩነቱ በአገላለጽ መሆኑን መስክሮ ውግዘቱ እንዲነሣ ሐሳብ አቀረበ። ውግዘቱ ግን እስካሁን በጋራ አልተነሣም፤ አብረን አንቆርብም። በሁለቱም በኩል «አገላለጽ ብቻ አይደለም» የሚሉ ጽኑ መምህራን አሉ። እኔ ሥራው ከንቱ ነበር ብዬ አላምንም። የማናምነውን ታምናላችሁ መባላችን ቆሟል፤ ይህ ለአንድ ምእመን ትንሽ ነገር አይደለም።

ወደ ፕሮቴስታንቱ ስንመጣ አንድ ደስ የሚል ታሪክ አለ። በ1534 ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ጀርመን ድረስ ሄዶ ዊተንበርግ ላይ ከፕሮቴስታንት ተሐድሶው መሪ ከማርቲን ሉተርና ከባልደረባው ከፊልጶስ ሜላንክተን ጋር ተገናኘ። ስለ ሥላሴና ስለ ቁርባን በአስተርጓሚ ተነጋገሩ፤ ሲለያዩም የድጋፍ ደብዳቤ ሰጡት። ሉተር በዚህ ዲያቆን ውስጥ ከሮም ውጭ የቆየ ጥንታዊ ክርስትና አየ። ዛሬ «ጴንጤ» በሚል አንድ ስም ጠቅልለን የምንጠራቸው ሰዎች መካከል ያለውን ልዩነት ብናውቅ ግማሹ ጠባችን ይቀል ነበር። የሉተር ወራሽ የሆነችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ሕፃናትን ታጠምቃለች፤ ቃለ ሕይወትና ሙሉ ወንጌል ግን አምኖ የመሰከረን ብቻ ያጠምቃሉ። የሉተራውያን የእምነት መጻሕፍት ድንግል ማርያምን ወላዲተ አምላክ ይሏታል፤ ቅዱሳንን አማልዱን ብሎ መለመንን ግን አይቀበሉም። «ማርያምን ይጠላሉ» ብሎ መናገር እንግዲህ ሐሰት ነው። ኦርቶዶክስ «ማርያምን ያመልካሉ» ማለትም እንዲሁ ሐሰት ነው፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ የአምልኮትን ስግደት ለእግዚአብሔር ብቻ፣ የጸጋ ስግደትን ለቅዱሳን ብላ ለይታ ታስተምራለች። ሐሰቱ ሲወገድ እውነተኛው ልዩነት ይቀራል፤ ያረፉ ቅዱሳንን አማልዱን ብለን እንለምናቸው ወይስ አንለምናቸው የሚለው። ስለዚያ መከራከር ይቻላል፤ ይገባልም።

በውጭው ዓለም ከተደረሱት ስምምነቶች ትልቁ በጥቅምት 31 ቀን 1999 በጀርመን አውግስቡርግ የተፈረመው ነው። ሉተራውያንና ካቶሊኮች ሰው በእግዚአብሔር ፊት የሚጸድቀው በጸጋ፣ በክርስቶስ በማመን መሆኑን በጋራ መሰከሩ፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተጣሉት ውግዘቶች ዛሬ በሚያስተምሩት ላይ እንደማይሠሩም ተስማሙ። መካነ ኢየሱስ በምእመናን ብዛት የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ቀዳሚ አባል ስለሆነች ይህ እኛንም ይነካል። መስማማት ብቻ ግን አይደለም፤ እርሷው በ2013 ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና ከአንድ የአሜሪካ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር በጋብቻ ትምህርት ምክንያት ግንኙነቷን አቋርጣለች። በኢኩሜኒዝም ውስጥ «አይሆንም» ማለትም አለበት።

ይህ ሁሉ በአንድ ቤት ውስጥ ሲገባ የሚከብደው ጥምቀትና ቁርባን ላይ ነው። የማውቃቸው ባልና ሚስት አሉ፤ እርሷ ኦርቶዶክስ፣ እርሱ ሙሉ ወንጌል። ወንድ ልጅ ተወለደ፤ አያት 40 ቀኑን ቆጥረው ክርስትናውን ማዘጋጀት ጀመሩ። አባት «ያድግና ራሱ ይወስን» አለ። ሳምንት ሙሉ ተኳረፉ። በኋላ አንድ ሽማግሌ ዘመድ «እስቲ እርሱ የሚያምነውን አንቺ ተናገሪ፣ እርሷ የምታምነውን አንተ ተናገር» አሏቸው። እርሱ «ውኃው ያድናል ይላሉ» ብሎ ጀመረ። «አላልኩም» አለች፤ «የሚያድነው እግዚአብሔር ነው፤ በውኃና በመንፈስ ይወልዳል፤ ሕፃኑም ከጸጋው አይከለከልም።» እርሷም «ጥምቀትን ይንቃሉ» አለች። «እንዲያውም ከብዶኝ ነው» አለ፤ «አምኖ ሳይመሰክር ማንንም ልናጠምቅ አንደፍርም።» ልጁ በ40 ቀኑ ተጠመቀ። አባት አሁንም አልተስማማም፤ ግን ከዚያ ወዲህ የሚስቱን እምነት በዘመዶቹ ፊት ሲናገር እርሷ በተናገረችው መንገድ ነው።

ልጁ አድጎ በሙሉ ወንጌል ልጠመቅ ቢል ነገሩ እንደገና ይነሣል። ኦርቶዶክስ በጸሎተ ሃይማኖት «ኃጢአት በሚሠረይባት በአንዲት ጥምቀት እናምናለን» ስለምትል ይህን እንደ ክህደት ታየዋለች። የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት የእምነትና ሥርዓት ኮሚሽን በ1982 በፔሩ ሊማ ባወጣው ሰነድ ጥምቀት እንደማይደገም አስፍሯል። አምኖ የመሰከረን ብቻ የሚያጠምቁት ግን የመጀመሪያውን እንደ ጥምቀት ስለማይቆጥሩ «ደገምን» አይሉም። ሁለቱም በየራሳቸው መሠረት ላይ ቆመው ልክ ናቸው፤ መሠረቱ ነው የተለያየው።

በቁርባን ላይ ጥብቅ መሆን እመርጣለሁ። እንግዳ ሆነው በሄዱበት ቤተ ክርስቲያን «ቅር እንዳይላቸው» ብሎ መቀበል አክብሮት ይመስላል፤ ግን አይደለም። ኦርቶዶክስ ለራሷ ልጅ እንኳ ንስሐ ሳይገባ፣ 18 ሰዓት ሳይጾም አትሰጥም። ካቶሊክ ከምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት የመጣ ሰው ራሱ ከጠየቀና ከተዘጋጀ መስጠት ትችላለች፤ ሆኖም የሰውየውን የራሱን ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት እንድታከብር ሕጓ ያሳስባታል። በ1984 የሮሙ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳትና የሶርያ ኦርቶዶክስ ፓትርያርክ የየራሳቸው ካህን ማግኘት ላልቻሉ ምእመናን በር ከፍተዋል፤ ያ ግን ለእነርሱ ነው፣ ለእኛ አልተጻፈም። ብዙ ወንጌላውያን ደግሞ ለተጠመቀና ለሚያምን ሁሉ ይሰጣሉ። ግብዣው ስላለ ብቻ ግን የራስን ቤት ደንብ ማፍረስ አይገባም።

በሠርግም እንዲሁ ነው። ተክሊልና ቁርባን የሚፈጸመው ሁለቱም ኦርቶዶክስ ሲሆኑ ነው፤ ካቶሊክ ከሌላ ክርስቲያን ጋር ለሚጋባ ልጇ ከጳጳሱ ፈቃድ ትጠይቃለች፤ ወንጌላውያኑም አማኝ ያልሆነውን ከአማኝ ጋር ማጋባት አይወዱም። እጮኛሞች ይህን ሽማግሌ ከተላከ በኋላ ሲያውቁት ነው ቤተሰብ የሚፈርሰው።

ለቅሶ ግን ቀላሉ ነው፤ ዕድራችን ከማንም በፊት ኢኩሜኒዝምን ያውቅ ነበር። ፍትሐቱ ላይ ጸሎቱን የማይቀበል ሰው በጸጥታ ቆሞ ይሸኛል፤ የጾሙና የፍስኩ ወጥ በየብቻው ይቀርባል፤ ድንኳኑን የሚተክለው ማን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። አንዳንድ አገልጋዮች ሰው በሞተበት ቤት ስብከት ይዘው የሌላውን እምነት ሲነቅፉ እሰማለሁ፤ ይህ ነውር ነው።

አብረን የሠራነውም አለ። የኢትዮጵያ መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ኦርቶዶክስ፣ ካቶሊክና ወንጌላውያን በአንድነት የሚሠሩበት ቤት ነው፤ ኦርቶዶክስ የምትቀበላቸውን ተጨማሪ መጻሕፍት የያዘ እትምም አሳትሟል። በ1971 ዓ.ም. ክረምት ደርግ አቡነ ቴዎፍሎስንም የመካነ ኢየሱሱን ቄስ ጉዲና ቱምሳንም ገድሏል፤ አንዱ ፓትርያርክ፣ አንዱ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ገዳዩ በመካከላቸው ያለውን የትምህርት ልዩነት አልጠየቀም።

ብዙ ሰው የሚቸገርበትን አንድ ጥያቄ ልጨምር። የአጎቴን ልጅ ክርስትና ላነሣ እችላለሁ ወይ? በኦርቶዶክስ የክርስትና አባትና እናት ኦርቶዶክስ መሆን አለባቸው፤ ሕፃኑን ወክለው የሚክዱትና የሚያምኑት እነርሱ ናቸውና። በካቶሊክ ከአንድ ካቶሊክ ጋር ሆኖ ኦርቶዶክስ የክርስትና አባት ሊሆን ይችላል፤ ፕሮቴስታንት ደግሞ ከካቶሊኩ ጋር ምስክር ሆኖ ይቆማል። መካነ ኢየሱስ ከሆነ የአጥቢያውን ቄስ መጠየቅ ነው። ጥያቄውን ከ40 ቀኑ ወይም ከ80 ቀኑ በፊት ማንሣት ይሻላል፤ በዕለቱ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሞ «አይቻልም» መባል እናትየውንም ዘመዱንም ያሳዝናል።