ዲፊውዥን ኤምአርአይ ምንድን ነው? ስለ ማኅፀን በር ካንሰርስ ምን ይነግረናል?

የማኅፀን በር ካንሰር ታማሚ ኤምአርአይ ተነስታ ስትመለስ ወረቀቷ ላይ «ዲፊውዥን» እና «ኤዲሲ» የሚሉ ቃላት ታገኛለች። ምን ማለት እንደሆኑ ማወቅ መብቷ ነው።

ኤምአርአይ ጨረር የለውም፤ የሚሠራው በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ነው። ተራው ምስል ዕጢው የት እንዳለና ምን ያህል እንደሚሰፋ ያሳያል። ዲፊውዥን እዚያው ማሽን ላይ የሚነሳ ተጨማሪ ምስል ሲሆን፣ የሚከታተለው የውሃ ሞለኪውሎችን እንቅስቃሴ ነው።

ጥር 11 ቀን ፋሲል መዋኛ የገባ ሰው እንኳን ሊራመድ ዞር ማለትም ይቸግረዋል። በሳምንቱ ቢመለስ እንደ ልቡ ይዘዋወራል። ካንሰር ባለበት ቦታም ሕዋሳት ስለሚታጨቁ ውሃው መፈናፈኛ ያጣል። የእንቅስቃሴው ልክ በቁጥር ሲቀመጥ ኤዲሲ ይባላል። ውሃው ሲታፈን ቁጥሩ ይወርዳል። ዕጢው በዲፊውዥን ምስሉ ደምቆ፣ ከቁጥሮቹ በሚሠራው ምስል (በኤዲሲ ካርታው) ደግሞ ጠቁሮ ይታያል። ካንሰር ያልሆነ ነገርም አንዳንዴ ስለሚደምቅ ሐኪሙ ሁለቱን ጎን ለጎን ያያል። ካንሰር መሆኑን የሚያረጋግጠው ግን የናሙና ምርመራ ነው።

ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ሕክምና ከተጀመረ በኋላ ያለው ነው። በአካባቢው ለተስፋፋ የማኅፀን በር ካንሰር የተለመደው ሕክምና ጨረርና ኬሞቴራፒ አንድ ላይ ነው፤ ሳምንታት ይፈጃል። ሕክምናው ሲሠራ ቀድመው የሚሞቱት ሕዋሳቱ ናቸው። ሽፋናቸው ይፈርሳል፣ ውሃው መንገድ ያገኛል፣ ኤዲሲው ከፍ ይላል። የዕጢው መጠን በደንብ የሚቀንሰው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ዕጢው ገና ሳይሟሽሽ ሕክምናው እየሠራ መሆኑን የሚጠቁም ምልክት ሊገኝ ይችላል። ሳምንታት በጭንቀት ለምትጠብቅ እናትና ለቤተሰቧ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የላቁ ዘዴዎችም አሉ። አይቪም የሚባለው የውሃውን እንቅስቃሴ በጥቃቅን የደም ሥሮች ከሚያልፈው ደም ለይቶ ለመለካት ይሞክራል። ደም በደንብ የማይደርሰው ዕጢ ኦክሲጅን ስለሚያጥረው ጨረርን ይቋቋማል፤ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ከርቶሲስ የተባለው ደግሞ ውሃው የሚገጥመው እንቅፋት ምን ያህል የተወሳሰበ እንደሆነ ይለካል። ሁለቱም በአብዛኛው ገና ምርምር ላይ ናቸው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። የኤዲሲ ቁጥር ከማሽን ማሽን፣ ከአነሳስ አነሳስ ይለያያል። ስለዚህ ክትትሉ ቢቻል በዚያው ማሽን ይሁን። ከጎንደር ወደ ሌላ ከተማ ለሕክምና የምትሄዱ ደግሞ የቀድሞውን ምስል በሲዲ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ የሚያነጻጽረው ከምስሉ ጋር ስለሆነ ወረቀቱ ብቻ አይበቃም።